የተመሰጠረ የስልክ መጠባበቂያ ቅጂ የይለፍ ቃል ሲረሳ ምን ማድረግ ይገባል?

የቤተሰብ ፎቶግራፎች፣ የትምህርትና የሥራ ማስረጃዎች፣ የመልእክት ልውውጦች ዛሬ በአብዛኛው የሚቀመጡት በእጅ ስልክ ላይ ነው። ስልኩ ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ መረጃው አብሮ እንዳይጠፋ በርካታ ዜጎች በተለምዶ ባክአፕ የሚባለውን መጠባበቂያ ቅጂ ያዘጋጃሉ። ቅጂው በሌላ ሰው እጅ ቢገባ እንዳይነበብም በይለፍ ቃል ይመሰጥሩታል። ችግሩ የሚፈጠረው ይህ የይለፍ ቃል ሲረሳ ነው።

በዚህ ጊዜ ሊታወቅ የሚገባው ዋና ነገር አንድ ነው። ስልኩ በእጅዎ እስካለና እየሠራ እስከሆነ ድረስ መረጃዎ አልጠፋም፤ ያጡት የቀድሞውን ቅጂ መክፈቻ ብቻ ነው። ስለሆነም በመደናገጥ በስልኩ ላይ ያለውን መረጃ አያጥፉ፤ ስልኩንም ለሌላ ሰው አይስጡ።

የይለፍ ቃሉ ለምን ሊመለስ አይችልም?

የኢሜይል የይለፍ ቃል ሲረሳ አገልግሎት ሰጪው በአዲስ ሊተካው ይችላል። የተመሰጠረ ቅጂ ግን ከዚህ ይለያል። ቅጂውን የሚከፍተው ቁልፍ የሚገኘው ከራሱ ከይለፍ ቃሉ በመሆኑ፣ አምራቹ ድርጅትም ቢሆን በእጁ ሌላ መክፈቻ የለውም። በኮምፒውተር ላይ በሚቀመጥ የአይፎን ቅጂ፣ እያንዳንዱ የይለፍ ቃል ሙከራ 10 ሚሊዮን ዙር ስሌት እንዲያልፍ ተደርጎ ተሠርቷል። ይህም በግምት ለመክፈት የሚደረግን ጥረት እጅግ አዝጋሚ ያደርገዋል።

የአይፎን ተጠቃሚዎች

በመጀመሪያ ቀደም ሲል ይጠቀሙባቸው የነበሩ የይለፍ ቃሎችን ይሞክሩ፤ የስልኩ መክፈቻ ቁጥርና የአፕል አካውንት የይለፍ ቃል ከእነዚህ መካከል ናቸው። ቅጂውን የሠሩት በማክ ኮምፒውተር ከሆነ፣ ኪይቼይን በተባለው የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ውስጥ ተመዝግቦ ሊሆን ስለሚችል ይፈልጉት።

ይህ ካልተሳካ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው አይኦኤስ 11 እና ከዚያ ወዲህ ባሉት ሥርዓቶች የሚከተለውን ማድረግ ይቻላል።

1. በስልኩ ላይ "ሴቲንግስ"፣ ቀጥሎ "ጀነራል"፣ ከዚያም "ትራንስፈር ኦር ሪሴት አይፎን" የሚለውን ይክፈቱ።
2. "ሪሴት" የሚለውን ተጭነው "ሪሴት ኦል ሴቲንግስ" የሚለውን ይምረጡ፤ የስልኩን መክፈቻ ቁጥር ያስገቡ።
3. ስልኩን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተው በአዲስ የይለፍ ቃል አዲስ ቅጂ ይሥሩ።

ይህ እርምጃ የዋይፋይ የይለፍ ቃሎችን፣ የስክሪን ምስልንና የመሳሰሉትን ማስተካከያዎች ወደ መነሻቸው ይመልሳል፤ ፎቶግራፎችንና መልእክቶችን አያጠፋም። በአቅራቢያው የሚገኘው "ኢሬዝ ኦል ኮንተንት ኤንድ ሴቲንግስ" የሚለው ምርጫ ግን በስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ የሚያጠፋ በመሆኑ ሁለቱን እንዳያምታቱ ከፍተኛ ጥንቃቄ ያድርጉ። አዲሱ የይለፍ ቃል የቀድሞውን ቅጂ እንደማይከፍትም ይገንዘቡ።

የአንድሮይድ ተጠቃሚዎች

እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው አንድሮይድ 9 ጀምሮ፣ በጉግል አካውንት የሚቀመጠው የስልክ ቅጂ የሚመሰጠረው በስልኩ የስክሪን መክፈቻ ነው። ስለዚህ ቅጂውን ወደ አዲስ ስልክ ሲመልሱ የሚጠየቁት የቀድሞውን ስልክ መክፈቻ ቁጥር፣ ቃል ወይም የመስመር ቅርጽ ነው። የቀድሞውን ስልክ ከመሸጥዎ ወይም ለሌላ ሰው ከማስተላለፍዎ በፊት መክፈቻውን በጽሑፍ ይያዙ፤ መረጃውም ወደ አዲሱ ስልክ መግባቱን ያረጋግጡ። ወደ ጉግል ፎቶስ የገቡ ፎቶግራፎች ግን በአካውንቱ በመግባት ብቻ ይገኛሉ።

የዋትስአፕ ተጠቃሚዎች

ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የመልእክት ቅጂን በይለፍ ቃል ወይም 64 አኃዝ ባለው ቁልፍ ለመመስጠር ያስችላል። መተግበሪያው በስልክዎ ላይ ክፍት ከሆነ፣ በ"ቻት ባክአፕ" ሥር ወደሚገኘው የምስጠራ ማስተካከያ ገብተው፣ በጣት አሻራ ወይም በስልኩ መክፈቻ ማንነትዎን አረጋግጠው የይለፍ ቃሉን መቀየር ይችላሉ። ዋትስአፕን ከስልኩ ካጠፉ በኋላ ግን ይህ ዕድል ይዘጋል፤ ስለሆነም የይለፍ ቃሉን ሳይቀይሩ መተግበሪያውን አያጥፉ።

ስልኩም የይለፍ ቃሉም ከሌለ

በዚህ ሁኔታ ቅጂውን መክፈት አይቻልም ማለት ይቻላል። ሆኖም ሁሉም መረጃ በቅጂው ውስጥ ብቻ አይደለም። የፋይዳ ምዝገባዎ፣ የባንክና የቴሌብር ሂሳብዎ በተቋማቱ ሥርዓት ውስጥ የተመዘገቡ በመሆናቸው ከስልክዎ ጋር አይጠፉም። የሲም ካርድ ቁጥርዎን በማስመለስ ይጀምሩ፤ ከዚያም ወደየተቋማቱ ቀርበው አገልግሎቱን ያስቀጥሉ። ኮምፒውተሩ ላይ የቀረውን ቅጂ ደግሞ አያጥፉት፤ የይለፍ ቃሉን ወደፊት ሊያስታውሱት ይችላሉ።

ሊደረግ የሚገባ ጥንቃቄ

• "ማንኛውንም የተመሰጠረ ቅጂ በእርግጠኝነት እንከፍታለን" በማለት ቅድሚያ ክፍያ ለሚጠይቁ ሰዎች ገንዘብም ሆነ የይለፍ ቃል አይስጡ።
• የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፈው ከልደት ምስክር ወረቀትና ከመሰል ሰነዶች ጋር በአስተማማኝ ቦታ ያኑሩ፤ በዚያው ስልክ ላይ ብቻ አያስቀምጡ።
• ስልክዎን ሌላ ሰው ሲያዘጋጅልዎ የይለፍ ቃሉን ራስዎ ያስገቡ።
• የይለፍ ቃሉን የሚያስታውሱ መሆንዎን አልፎ አልፎ ያረጋግጡ። ሊከፈት የማይችል ቅጂ እንደሌለ ይቆጠራልና።