በመቅደላ ዘመቻ የተሳተፈ ወታደርን መዝገብ ስለመፈለግ

በአጅባርና በአካባቢው «ቅድመ አያታችን መቅደላ ላይ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ተሰልፏል» የሚሉ ባለጉዳዮች አስቀድመው ዘመኑን ማመሳከር ይኖርባቸዋል። አምባው የተያዘበት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በእንግሊዞቹ መዝገብ ኤፕሪል 13 ቀን 1868 ተብሎ ይገኛል።

የወታደሮቹ ሰነድ የሚገኘው ለንደን፣ ኪው በሚገኘው የብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው። ለፍለጋው ከስም በተጨማሪ የሬጅመንቱን ስም ማወቅ እጅግ ይጠቅማል። የዘመቻው ሜዳሊያ በቤተሰቡ እጅ ካለ፣ የባለቤቱና የሬጅመንቱ ስም ጀርባው ላይ ተቀርጿል። «ደብሊው ኦ 97» የተባለው ክምችት እስከ 1882 እ.ኤ.አ. ድረስ በጡረታ የተሰናበቱትን ብቻ ይይዛል፤ ስለዚህ ስሙ እዚያ አለመገኘቱ አለመዝመቱን አያረጋግጥም። እንዲህ ሲያጋጥም የሜዳሊያ ተሸላሚዎችን ዝርዝር «ደብሊው ኦ 100»ን መመልከት ይገባል። የሕንድ ጦር መዛግብት በብሪቲሽ ላይብረሪ ይፈለጋሉ።