የሚያመው ጡትና የማያመው እብጠት

ጡቷን ያመማት ሴት ቀድሞ ወደ ልቧ የሚመጣው ካንሰር ነው። ለማረጥ ችግር ሆርሞን የምትወስድ ከሆነ ደግሞ ፍርሃቱ እጥፍ ይሆናል፤ «ሆርሞን ካንሰር ያመጣል» የሚለውን ያልሰማ የለምና። እኔም ከእነዚህ ሴቶች አንዷ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ሐይቅ ነው፤ የምሠራው አዲስ አበባ፤ ዕድሜዬም ሃምሳን ተሻግሯል። በሐኪም ትእዛዝ ሆርሞን መውሰድ በጀመርኩ በስድስተኛው ሳምንት ሁለቱም ጡቶቼ ከበዱኝ፤ ልብስ ሲነካቸው እንኳ ያመኝ ጀመር። ከሐኪሜ ጠይቄ የተረዳሁትን፣ አንብቤ ያገኘሁትንና በቅርቡ ለዘመድ ጥየቃ ሐይቅ ሄጄ የታዘብኩትን ለአንባብያን ላካፍል።

ሕክምናው ምንድን ነው?

የሴት ልጅ ዕድሜ ወደ ሃምሳ ሲጠጋ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን በሰውነቷ ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል፤ የወር አበባዋም ይቋረጣል። አንዳንዷ ብዙም ሳይሰማት ታልፈዋለች። ሌላዋ ግን ስብሰባ ላይ እንደተቀመጠች ድንገት ፊቷ ይግላል፤ ላብ ያጠምቃታል፤ ሌሊት እንቅልፍ ታጣለች። በእኛ ቤት ይህ «ዕድሜ ነው» ተብሎ ይታለፋል እንጂ እንደ ሕመም አይቆጠርም።

የሆርሞን መተኪያ ሕክምና የጎደለውን ኤስትሮጅን በክኒን፣ ቆዳ ላይ በሚለጠፍ ወይም በሚቀባ መድኃኒት መልሶ መስጠት ነው። ሆኖም ማሕፀን ያላት ሴት ኤስትሮጅንን ብቻውን ብትወስድ የማሕፀኗ የውስጥ ግድግዳ ከልክ በላይ እየወፈረ ለማሕፀን ካንሰር ሊያጋልጣት ይችላል። ስለዚህ ፕሮጄስትሮን ወይም እሱን የመሰለ ሁለተኛ ሆርሞን ይጨመርላታል። ማሕፀኗ በቀዶ ሕክምና ለወጣላት ሴት ግን አብዛኛውን ጊዜ ኤስትሮጅን ብቻ ይበቃታል። ይህን ልዩነት አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ፤ የካንሰሩ ነገር የሚወሰነው በአመዛኙ በዚህ ነውና።

ጡት ለምን ያማል?

ጡት ለሆርሞን ቅርብ የሆነ የሰውነት ክፍል ነው። ኤስትሮጅን የወተት ቧንቧዎቹን፣ ፕሮጄስትሮን ደግሞ የወተት እጢዎቹን ያነቃቃል፤ በጡት ውስጥ ፈሳሽም ይጠራቀማል። የወር አበባ ሊመጣ ሲል ወይም በእርግዝና መጀመሪያ ላይ ጡታችን የሚያመን በዚሁ ምክንያት ነው። ለዓመታት ያረፈ ጡት እንደገና ሆርሞን ሲያገኝ ያንኑ ስሜት ይመልሳል። ሕመሙ ብዙ ጊዜ በሁለቱም ጡቶች ላይ የሚሰማና በጥቂት ወራት ውስጥ እየቀለለ የሚሄድ ነው። ካልቀለለ ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስ፣ ዓይነቱን ሊለውጥ ወይም ከክኒን ወደሚለጠፈው ሊያዛውር ይችላል። የእኔም መጠን ተቀንሶ ሕመሙ ቀሎልኛል።

በልክ የተሠራ ጡት መያዣ ማድረግም ይረዳል። ቡና መተው ያሽላል የሚለው ምክር ግን በጥናት አልጸናም። ለወሎ ሴት ይህ መልካም ዜና ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካውን በዚህ ምክንያት መተው የለባትም።

ታዲያ ሕመሙ የካንሰር ምልክት ነው? በአብዛኛው አይደለም። ሌላ ምልክት ሳይኖር በሕመም ብቻ ተመርምረው ካንሰር የሚገኝባቸው ሴቶች ጥቂት ናቸው። ሆኖም ሕመሙን ንቆ ማለፍም አይገባም። በአሜሪካ በተካሄደው ትልቁ የሴቶች ጤና ጥናት ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጽሑፍ፣ ሁለቱን ሆርሞኖች አንድ ላይ መውሰድ ከጀመሩ በኋላ ጡታቸውን አዲስ ሕመም የተሰማቸው ሴቶች፣ ካልተሰማቸው ይልቅ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ብሎ መታየቱን ገልጿል። ይህ ማለት ያመማት ሁሉ ካንሰር አለባት ማለት አይደለም፤ ሐኪሟ ሊያውቀው ይገባል ማለት ነው።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

ዓለምን ያስደነገጠው ዜና የወጣው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2002 ነው። ከላይ የጠቀስኩት የአሜሪካ ጥናት 16,608 ሴቶችን ሲከታተል ቆይቶ የሁለቱ ሆርሞኖች ክፍል ከታሰበለት ጊዜ በፊት እንዲቆም ተደረገ። ሆርሞን ካልወሰዱ 10,000 ሴቶች በዓመት 30 ያህሉ በጡት ካንሰር ሲያዙ፣ ከወሰዱት መካከል የተያዙት 38 ነበሩ። ልዩነቱ ስምንት ሴቶች መሆኑ ነው። በጋዜጦች ላይ ግን «26 በመቶ ጨመረ» ተብሎ ወጣ፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሴቶችም መድኃኒታቸውን ጣሉ። ሁለቱም አነጋገሮች እውነት ናቸው፤ የሚያሳድሩት ፍርሃት ግን አንድ አይደለም።

ማሕፀናቸው የወጣላቸው 10,739 ሴቶች የተሳተፉበት የኤስትሮጅን ብቻ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2004 ቆመ። ኤስትሮጅኑን በወሰዱት ላይ የጡት ካንሰር አልጨመረም፤ እንዲያውም በረጅሙ ክትትል ቀንሶ ታይቷል።

እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመውና 58 ጥናቶችን ያጠቃለለው ትንታኔ ነገሩን በተሻለ መንገድ ያስረዳል። ሆርሞን ፈጽሞ ካልወሰዱ 1,000 ሴቶች ከ50 እስከ 69 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ 63ቱ በጡት ካንሰር ይያዛሉ። ከ50 ዓመታቸው ጀምሮ ለአምስት ዓመት ሁለቱን ሆርሞኖች በየቀኑ ከወሰዱት ግን 83ቱ ይያዛሉ። ኤስትሮጅን ብቻ የወሰዱት 68 ናቸው። ከአንድ ዓመት በታች የወሰዱት ላይ ጭማሪው ጥቂት ነው። ቁጥሩ የተሰላው በበለጸጉት አገሮች መነሻ ስለሆነ እንዳለ ወደ እኛ ማምጣት አይቻልም፤ አቅጣጫውን ግን ያሳያል። አደጋው አለ፤ መጠኑ ግን በመድኃኒቱ ዓይነትና በተወሰደበት ጊዜ ርዝመት ይለያያል።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2025 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በእነዚህ መድኃኒቶች ላይ በሣጥን ተከቦ ይጻፍ ከነበረው ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ውስጥ የጡት ካንሰሩ እንዲነሣ መወሰኑን አስታውቋል። ይህ ስጋቱ ተጋኖ ነበር ለሚሉት ድጋፍ ሆኗል፤ ክትትል አያስፈልግም ማለት ግን አይደለም።

የማያመው ይብሳል

ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ በሐይቋና በእስጢፋኖስ ገዳሟ የምትታወቅ ከተማ ናት። እዚያ ለማረጥ ሆርሞን የምትወስድ ሴት አላገኘሁም። የታወቀው ሆርሞን የሦስት ወሩ የወሊድ መከላከያ መርፌ ነው። ቡና ላይ የራሴን ሕመም ሳነሳ አንዲት ወጣት እናት፣ «እኔም መርፌውን ከጀመርኩ ወዲህ ጡቴን ያመኛል» አለች። የጡት ሕመም ከመርፌው የታወቁ የጎንዮሽ ጉዳቶች አንዱ መሆኑን ነገርኳት። ካንሰርን በተመለከተም፣ በዴንማርክ 1.8 ሚሊዮን ሴቶችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት በወሊድ መከላከያ ሆርሞኖች ምክንያት በዓመት ከ100,000 ሴቶች 13 ያህል ተጨማሪ ታማሚዎች እንደሚኖሩ ገምቷል። ከማይፈለግ እርግዝና ጣጣ ጋር ሲመዘን መርፌውን በፍርሃት ለመተው አያበቃም፤ ሕመሙን ግን ለጤና ባለሙያዋ መንገር ይገባታል።

ያሳሰበኝ ሌላ ነው። በዕድሜ የገፉ ጎረቤት ወጋችንን ሲያዳምጡ ቆይተው፣ «እኔስ ባቄላ የምታህል ነገር ጡቴ ላይ አለችኝ፤ ግን አታመኝም። ካላመመችኝ ምን አስኬደኝ ልጄ?» አሉ። «ስላላመመችዎት ነው መሄድ ያለብዎት፣ እትዬ» አልኳቸው። በማግሥቱ ከልጃቸው ጋር ደሴ ሄደው ተመርመሩ። ውጤታቸው የእርሳቸው ነውና እዚህ አልጽፈውም።

የጡት ካንሰር በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ብዙ ጊዜ አያምም። ለዚህም ነው በአገራችን አብዛኞቹ ታማሚዎች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ የሆነው። ብዙዎቹም ከ50 ዓመት በታች ናቸው። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ለ2020 ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ በአንድ ዓመት ከ16,000 በላይ ሴቶች በጡት ካንሰር ተይዘዋል፤ 9,000 ያህል ደግሞ ሞተዋል። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት ይሰጥ የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነው። ከሐይቅ እስከዚያ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የመሳፈሪያው፣ የማደሪያው፣ የአስታማሚው ወጪም አለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎ በገባ ጊዜ በጤና ተቋማት ላይ የደረሰው ዘረፋና ውድመትም መንገዱን ይበልጥ አርዝሞት ነበር። በዚህ ላይ «ብርድ ነው» ብሎ መጠበቅ፣ ለባል ማፈር፣ «ጡቴን ይቆርጡታል» ብሎ መስጋት ሲጨመር ወራት ያልፋሉ። ጠበሉም ዱዓውም ይቀጥል፤ ምርመራው ግን በእነሱ ምክንያት አይዘግይ።

ምን እናድርግ?

ሆርሞን ለመጀመር የምታስብ ሴት አስቀድማ ጡቷን ትመርመር፤ እናቷ ወይም እኅቷ በጡት ካንሰር ታመው ከሆነም ለሐኪሟ ትንገር። የጡት ካንሰር የነበረባት ሴት ይህ ሕክምና በአብዛኛው አይታዘዝላትም። ከውጭ አገር ዘመድ የላከውን ክኒን ያለ ሐኪም ክትትል መዋጥ አይገባም። ማሞግራፊ ስትነሳም ሆርሞን እንደምትወስድ ትናገር፤ መድኃኒቱ የጡትን ውስጥ ስለሚያጠብቀው ምስሉን ለማንበብ ያስቸግራልና።

የሚከተሉት ከታዩ ግን ያምም አያምም ቀጠሮ ማራዘም የለም፦ በጡት ወይም በብብት ሥር ጠጠር ያለ እብጠት፣ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፣ ከጫፉ የሚወጣ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የተሰረጎደ ቆዳ፣ በአንድ ጡት አንድ ቦታ ላይ ብቻ የማይለቅ ሕመም። ሐኪሙ በእጁ ዳስሶ፣ በአልትራሳውንድ ወይም በማሞግራፊ አይቶ፣ ካስፈለገም በመርፌ ናሙና ወስዶ ይለየዋል።

እኛ የከተማ ሴቶች የሚያመን ነገር ሲፈጠር የምንጠይቀው ሐኪም አለን። በየገጠሩና በየትንሹ ከተማ ያሉት እናቶቻችንና እኅቶቻችን ግን «ካላመመኝ ደህና ነኝ» ብለው ተቀምጠዋል። በሚቀጥለው ጊዜ አገር ቤት ስንደውል፣ ከደኅንነታቸው ቀጥሎ ይህን አንድ ጥያቄ እንጨምር፤ ጡትሽ ላይ የማያምሽ እብጠት አለ ወይ?