ሁለተኛው በረኛ

ካርቱም የሐበሻ ቡድኖችን በረኞች ሳሠለጥን ያየሁት አንድ ልጅ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። ዋናው በረኛ ተጎድቶ ሲወጣ ገባ፤ የመጀመሪያዋን ኳስ ከመረብ ውስጥ አወጣት። አጠገቤ የቆመ የቡድኑ ሰው «ለዚህ እኮ ነው ተቀያሪ የሆነው» አለ። ልጁ ግን ከጨዋታው በፊት ሲያደርግ የነበረው ለዋናው ኳስ መምታት ብቻ ነው፤ የራሱ ጓንት ኳስ አልነካም።

ይቺን አባባል ከአሠልጣኝም፣ ከደጋፊም፣ ከጋዜጠኛም ስሰማ ሰልችቶኛል። ቋሚው በረኛ ሰውነቱን አሙቆ፣ ከተከላካዮቹ ጋር ተነጋግሮ ይጀምራል። ተቀያሪው ግን ቀይ ካርድ ሲመዘዝ ድንገት ሊገባ ይችላል። ቡድኑ አሥር ቀርቷል፣ ኳሱ ቅጣት ምት ላይ ተቀምጧል፣ እሱ ገና ግድግዳ እያስተካከለ ነው። ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ልምምዱም ለብቻው መሆን አለበት።

ደግሞ ከእኛ በላይ ይህን ማወቅ የነበረበት ማን ነው? ጳጉሜን 2004 ካርቱም ላይ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፈን፣ ጥቅምት ላይ አዲስ አበባ 2 ለ 0 አሸንፈን፣ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፍን። ጥር 13 ቀን 2005 ከዛምቢያ ጋር ስንጫወት ጀማል ጣሰው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ወጣና ዘሪሁን ታደለ ገባ። አሥር ሆነን 1 ለ 1 ወጣን። ስለዚያ ቀን ሲወራ ግን የሚነሳው የአዳነ ግርማ ጎል ነው። ከናይጄሪያ ጋር ደግሞ ሲሳይ ባንጫ በቀይ ሲወጣ ቅያሪው አልቆ ስለነበር አማካዩ አዲስ ህንጻ በረኛ ሆኖ ከቪክቶር ሞሰስ ፍፁም ቅጣት ምት ፊት ቆመ።

ይህን የተረዱም አሉ፦ የሆላንዱ አሠልጣኝ ሉዊ ቫንኻል በብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ከኮስታሪካ ጋር ሲጫወት የመጨረሻ ቅያሪውን እስከ 120ኛው ደቂቃ አስቀርቶ ለፍፁም ቅጣት ምቶቹ ተቀያሪ በረኛውን ቲም ክሩልን አስገባ። ክሩል በአምስቱም የኮስታሪካ ምቶች ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ ወደቀ፤ ሁለቱን አዳነ። አጋጣሚ አልነበረም፤ መቺዎቹን አጥንቶ ነው የገባው።

አሜሪካኖች በቤዝቦል ይህን ሥራ ደረጃ ሰጥተውታል። ጨዋታ ሊያልቅ ሲል ገብቶ የቡድኑን ብልጫ የሚያስጠብቅ ኳስ ወርዋሪ አላቸው፤ የሚያሟሙቅበት ስፍራም ለብቻው የተዘጋጀ ነው። ፓናማዊው ወርዋሪ ማሪያኖ ሪቬራ መጀመሪያ በቋሚነት ተሞክሮ ብዙም አልሆነለትም። ወደ ተቀያሪነት ዞሮ 652 ጨዋታዎችን እንዲህ አስጠብቆ ዘጋ፤ ወደ ቤዝቦል ታላላቆች የክብር መዝገብ ሲገባም አንድ ድምፅ ያልጎደለበት የመጀመሪያው ተጫዋች ሆነ። «ለዚህ ነው ተቀያሪ የሆነው» ቢባል እሱ ላይ ያምር ነበር።

እኛ ዘንድ የተለየ ስፍራ ይሠራ አልልም። በዕረፍት ሰዓት አንድ ሰው ወጥቶ ለተቀያሪው በረኛ ጥቂት ኳስ ወደ እጁ ቢመታለት ይበቃል። የማየው ግን ተቀያሪ በረኛው ከተቀያሪ አጥቂዎች ጋር ክብ ሠርቶ በእግሩ ሲቀባበል ነው።