ሕንፃው ሲሰነጠቅ «አልገባም» የማለት መብት

ከባንግላዴሽ ዋና ከተማ ከዳካ ወጣ ብላ በምትገኘው ሳቫር ራና ፕላዛ የሚባል ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ነበር። ታች ባንክና ሱቆች፣ ላይ አምስት የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች ይሠሩበት ነበር። ሚያዝያ 15 ቀን 2005 ዓ.ም. ሕንፃው ተሰነጠቀ፤ ሰውም ወጣ። ባንኩ ሠራተኞቹን በማግስቱ እንዳይመጡ አደረገ። ልብስ ሰፊዎቹ ግን ግቡ ተባሉ፤ ከቀራችሁ ደመወዝ የለም የተባሉም ነበሩ። ጠዋት ሥራ እንደተጀመረ ሕንፃው ተደረመሰ። 1,134 ሰዎች ሞቱ።

ላይኞቹ ፎቆች ያለ ፈቃድ የተጨመሩ መሆናቸው ታውቋል። የምሕንድስናው ጥፋት ይህ ነው። ስንጥቁን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ለምን ተመልሰው ገቡ የሚለው ጥያቄ ግን ወደ ሌላ ጥፋት ይወስደናል። ከአምስቱ ፋብሪካዎች አንዱም የሠራተኛ ማኅበር አልነበረውም። ብቻዋን «አልገባም» ያለች ሴት እንጀራዋን ታጣለች፤ ሺህ ሰው አብሮ እምቢ ቢል ግን አሠሪው ቆሞ ለመነጋገር ይገደዳል።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1990 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ መሠረታዊ ያላቸው መብቶች አራት ነበሩ፦ የመደራጀትና በኅብረት የመደራደር መብት፣ ከግዳጅ ሥራ ነፃ መሆን፣ የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛን ማስወገድ፣ በሥራ ላይ መድልዎን ማስቀረት። ደህንነቱና ጤንነቱ የተጠበቀ የሥራ አካባቢ በአምስተኛነት የተጨመረው በሰኔ 2014 ዓ.ም. ነው። በጣም ዘግይቷል።

ከአደጋው በኋላ ዓለም አቀፍ የሠራተኛ ማኅበራትና ከ200 በላይ የልብስ ገዢ ኩባንያዎች ስለ ባንግላዴሽ ፋብሪካዎች ደህንነት አንድ ስምምነት ፈረሙ። ከቀደሙት የበጎ ፈቃድ ቃል ኪዳኖች የሚለየው አስገዳጅ መሆኑ ነው፤ ቃሉን ያጠፈ ኩባንያ ለግልግል ዳኝነት ይቀርባል። መሐንዲሶች ከ1,500 በላይ ፋብሪካዎችን መረመሩ፤ የምርመራው ውጤትም ለሕዝብ ይፋ ሆነ። ከዚህ ሁሉ እኔ አብልጬ የማየው ሥልጠናውን ነው። በየፋብሪካው የደህንነት ኮሚቴ ተቋቁሞ አባላቱ አደጋን መለየትና ማመልከት ተማሩ። ሠራተኛውም አቤቱታውን ስሙ ሳይገለጥ የሚያቀርብበት መንገድ ተከፈተለት፤ አደገኛ ሥራን እምቢ ማለት እንደሚችልም ተነገረው።

ሥልጠና ስንል አንዳንዴ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ለሥራ አስኪያጆች የሚሰጠው ብቻ ይታሰበናል። ስፌት መኪናው ላይ ለተቀመጠችው ሠራተኛ፣ በቋንቋዋ፣ ደመወዟ ሳይቆረጥ በሥራ ሰዓት ካልተሰጠ መብቱ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ይህ እኛንም ይመለከታል። ብዙ ወጣት ሴቶች በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለውጭ ገበያ ልብስ ይሰፋሉ። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. ያፀደቀችው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 ለሕይወቱ ወይም ለጤንነቱ የሚያሰጋ የተቃረበና ከባድ አደጋ አለ ብሎ በበቂ ምክንያት ከሥራው ዘወር ያለ ሠራተኛ እንዳይጎዳ ይጠብቀዋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይፈቅዳል። የሠራተኞቻቸው ቁጥር ከአሥር በታች በሆኑ ድርጅቶች የሚሠሩም ከሌሎች መሰሎቻቸው ጋር ተሰባስበው ጠቅላላ የሠራተኛ ማኅበር መመሥረት ይችላሉ።