ሞተሩስ ተጠገነ፤ ሐይቁስ?

ባለፈው ሰኔ ከልጄና ከዘጠኝ ዓመቱ የልጅ ልጄ ጋር በጀልባ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ሄድን። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልመን፣ ከሰዓት በኋላ ለመመለስ ከዳር ፈቀቅ እንዳልን ሞተሩ ጓጎረና ቀጥ አለ። ጀልባ ነጂው እየቀዘፈ ወደ ዳር መለሰን።

ሞተሩን ከውሃ ሲያወጣው የተበጠሰ የዓሣ መረብ ተጠምጥሞበታል። እሱ በቢላዋ እየቆረጠ ሲፈታ፣ የልጅ ልጄ ቁርጥራጩን ተቀብሎ በፌስታል ሰበሰበ፤ ሐይቁ ላይ ቢጣል ሌላ ጀልባ ይይዛልና።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሞተሩ ተነሳ። ያን ጊዜ ግን ሰማዩ ጠቁሮ፣ ንፋሱ ማዕበሉን ከዳር ጋር ያላትመው ነበር። ልጄ በማግስቱ ሥራ ስለነበረው «እማዬ፣ ከተጠገነማ እንሂድ» አለ።

ነጂው ወደ እኔ ዞሮ «ሞተሩ ደህና ነው እማማ፤ ሐይቁ ነው ገና» አለኝ።

የልጅ ልጄን አየሁት። የለበሰው የአዋቂ ላይፍ ጃኬት በአንገቱ ሊሾልክ ደርሷል። «አንሄድም» አልኩ።

የዘጌ ቡና ያፈላችልን እናት ቤት አደርን። ጣና ማለዳ ተረጋግቶ ጠበቀን፤ በሰላም ተሻገርን። ልጄ ግማሽ ቀን ከሥራው ቀረ፤ ሌላ የጎደለብን የለም።

ወላጆች፣ ከልጅ ጋር ስትሳፈሩ በጠዋት ውጡ፤ በልጁ ልክ የሆነ ጃኬት ጠይቁ፤ ለአንድ አዳር የሚሆን ልብስም ያዙ።