ካሊማሪ በረሃ፦ ባቡር የሚያቋርጠው የእሽቅድምድም መንገድ

ካሊማሪ በረሃን በዓለም ካርታ ላይ ብንፈልገው አናገኘውም። የሚገኘው የጃፓኑ ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1996 መጨረሻ ባወጣው «ማሪዮ ካርት 64» በተሰኘ የእሽቅድምድም ጌም ውስጥ ነው። ጌሙ 16 የመወዳደሪያ መንገዶች አሉት፤ አራት አራት ሆነው በአራት ዋንጫዎች ተከፍለዋል። ካሊማሪ የመጀመሪያው ዋንጫ፣ የእንጉዳይ ዋንጫ፣ ማሳረጊያ ነው። ስምንት ተወዳዳሪዎች ካርት በምትባል ጣሪያ አልባ ትንሽ መኪና ተቀምጠው ሦስት ዙር ይሽቀዳደማሉ።

ቦታው ቁልቋል የበቀለበት አሸዋማ ሜዳ ነው፤ ዙሪያውን ድንጋያማ ተራራ ከቦታል። ከመኪናው መንገድ ሌላ አንድ የባቡር ሐዲድ አለ። መንገዱም ሐዲዱም ተጠማዝዘው ወደ ተነሡበት የሚመለሱ ሲሆኑ፣ ሁለት ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ስለዚህ ተወዳዳሪው በየዙሩ ሁለት ጊዜ፣ በጠቅላላው ስድስት ጊዜ ሐዲድ ይሻገራል። ባቡሩ ሲቃረብ በማቋረጫው ላይ ደወል ይደወላል። ባቡሩ ግን ለማንም አይቆምም፤ የገጨው ካርት ወደ ላይ ተወርውሮ ይወድቃል፤ እስኪነሣም ሌሎቹ ያልፉታል።

የመንገዱ ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ነው። ባቡሩ ዙሩን የሚጨርስበት ጊዜና ካርቱ የሚጨርስበት ጊዜ አይገጥምም። በመጀመሪያው ዙር ባዶ የነበረ ማቋረጫ በሁለተኛው ሊዘጋ ይችላል። መታጠፊያዎቹን በቃል መያዝ ብቻውን አያዋጣም። ጎበዝ ተጫዋች ጭሱን ከሩቅ አይቶ፣ ገና ማቋረጫው ሳይደርስ «ልቅደም ወይስ ልጠብቅ?» የሚለውን ይወስናል። ሜዳው ገላጣ ባይሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይቻልም ነበር። ከጫካ ውስጥ ድንገት የሚወጣ ባቡር አደጋ ብቻ ይሆናል፤ በረሃ ላይ ከሩቅ የሚታይ ባቡር ግን ጥያቄ ነው፤ መልሱንም ተጫዋቹ ራሱ ይሰጣል።

በወሎ ደጋ ጉግስ ያየ ሰው የጨዋታውን ቀሪ ሕግ ለመረዳት አይቸገርም። በጉግስ አሳዳጁ ዘንጉን ይወረውራል፤ ሸሺው ጀርባውን በጋሻ ይከላከላል። በካርቱም ከኋላ ያለው የኤሊ ቅርፊት ይወረውራል፤ ከፊት ያለው ደግሞ ቅርፊት ወይም የሙዝ ልጣጭ ከመኪናው ኋላ ይዞ ይመክታል። በሁለቱም ፍጥነት ብቻ አያሸንፍም፤ ከኋላ የሚመጣውን ማወቅ ያስፈልጋል።

በረሃው እንዲህ ባዶ የሆነበት ሌላም ምክንያት ሳይኖር አይቀርም። ጌሙ የተጫነበት ካርትሪጅ የሚይዘው 12 ሜጋባይት ብቻ ነበር። ሹፌሮቹ እንኳ ጠፍጣፋ ሥዕሎች ናቸው፤ ሦስት አውታር ያለው መንገዱ ነው። አራት ሰው ሲጫወት ስክሪኑ ለአራት ይከፈላል፤ ማሽኑም በረሃውን አራት ጊዜ መሣል አለበት። ያን ጊዜ ባቡሩ ፉርጎዎቹን ትቶ በሎኮሞቲቩ ብቻ ይሮጣል። ዳይሬክተሩ ሂዴኪ ኮኖና ፕሮዲዩሰሩ ሺጌሩ ሚያሞቶ የመሩት ቡድን ያለውን ጥቂት አቅም በየቦታው አልበተነውም። ሜዳውን ባዶ ትቶ፣ ዓይን ሁሉ የሚያርፍበት አንድ ነገር አቆመ። እኔ ይህን ሥራ የማከብረው ስለዚህ ነው።

በረሃና ባቡር ለኢትዮጵያ የጌም ፈጠራ ብቻ አይደሉም። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ከአዋሽ ተነሥቶ ደቡብ ወሎን በኮምቦልቻ በኩል የሚነካ ሐዲድም ተዘርግቷል። በቆላው ማቋረጫ ላይ ባቡር ግመልና ከብት ሲገጭ ግን ባለቤቱ ሀብቱን ያጣል። በጌሙ የወደቀው ካርት ተነሥቶ ይሮጣል።

ካሊማሪ ከመጀመሪያው ጌም ጋር አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2011 በ«ማሪዮ ካርት 7»፣ በ2022 ደግሞ በ«ማሪዮ ካርት 8 ዴሉክስ» ተመልሷል። በዚህኛው እትም ውድድሩ ሲገፋ መንገዱ ይቀየርና ተወዳዳሪዎቹ በራሱ በሐዲዱ ላይ እየነዱ ወደ መሿለኪያው ይዘልቃሉ። መሠረቱ ግን ያው ባቡር ነው።

የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» በተሰኘው ጌሙ የምትሸሽ ዶሮ ይዞ ብቅ ሲል፣ የአገር ቤት ነገር ለጌም እንደሚበቃ አሳይቷል። ከወሎው አጅባር ደጋ ጀምሮ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ የሚወርደው ቁልቁለት፣ የአፋር የጨው ሜዳ፣ በጭነት ግመሎች የሚቆራረጥ መንገድ ሁሉ ለእሽቅድምድም የሚሆኑ ናቸው። የሚሠራቸው ወጣት ከካሊማሪ አንድ ነገር ይውሰድ፦ ሜዳውን በጌጥ ከመሙላቱ በፊት ተጫዋቹ ከሩቅ አይቶ የሚወስንበትን አንድ ነገር ይምረጥ። እሱ ከተገኘ ሌላው ቀስ ብሎ ይሟላል።