«ልጄን አሜባ አልለቀው አለ»፦ የልጆች የአንጀት ብግነት በሽታ እኛ ጋ አለ?

ከሸዋ ሮቢት፣ ከጀውሃ፣ ከአጣዬ አካባቢ የሚመጡ እናቶች ደጋግመው የሚሉኝ ነገር አለ፦ «ዶክተር፣ ልጄን አሜባ አልለቀው አለ። መድኃኒቱን ሲወስድ ይሻለዋል፣ ሲጨርስ ይመለስበታል።» አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ በእርግጥም ኢንፌክሽን ነው። ጥቂት ልጆች ላይ ግን ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ ስለ እሱ እናውራ።

በሽታው ምንድን ነው?

የአንጀት ብግነት በሽታ (በአጭሩ አይቢዲ) ይባላል። ከጀርም ሊጠብቀን የተፈጠረው የሰውነታችን የመከላከል አቅም የራሱን አንጀት ሲያጠቃና ሲያቆስል የሚመጣ ነው። ዋና ዋናዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፦ ክሮንስ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ ያለውን የትኛውንም ክፍል ሊይዝ ይችላል፤ አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ደግሞ ትልቁን አንጀት ይይዛል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ለዓመታት እየተቀሰቀሰና እየበረደ ይቆያል።

የት ነው የሚበዛው?

በሰሜን አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ። በፊንላንድ በአንድ ዓመት ከ100,000 ልጆች እስከ 23 የሚደርሱ አዲስ ታማሚዎች ተመዝግበዋል፤ በካናዳ ደግሞ እስከ 15። በደቡብ አውሮፓና በአብዛኛው እስያ ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ ከተሜነት በተስፋፋባቸው አገሮች ግን እየጨመረ ነው።

ታዲያ እኛን ደማችን ይጠብቀናል ማለት ነው? አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 ወደ እስራኤል የሄዱትን ቤተ እስራኤላውያን አስቡ። የእስራኤል ሐኪሞች በሽታውን፣ በተለይም ክሮንስን፣ እዚያ ለዓመታት ከኖሩ በኋላ በታመሙ ሰዎች ላይ አግኝተውታል። በካናዳ ኦንታሪዮ የተደረገ ጥናትም ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች የሄዱ ወላጆች እዚያ የወለዷቸው ልጆች የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ ልጆች ጋር ተቀራራቢ መሆኑን አሳይቷል። ዘር ድርሻ አለው፤ ግን አኗኗር፣ የፋብሪካ ምግብና በልጅነት በተደጋጋሚ የሚወሰድ አንቲባዮቲክም ከበሽታው ጋር ይያያዛሉ።

ይህ ማለት ግን «ንጽህና ይቅርብን» ማለት አይደለም! በቆሸሸ ውሃ የሚመጣ ተቅማጥ ዛሬም ሕፃናትን ይገድላል።

እኛ ጋ ለምን ብዙም አይሰማም?

አንደኛ፣ በሽታውን ለማረጋገጥ አንጀትን በካሜራ ማየት (ኮሎኖስኮፒ) እና ናሙና ወስዶ መመርመር ያስፈልጋል። ይህ በጤና ጣቢያ የሚሠራ አይደለም። ሁለተኛ፣ የሚመሳሰሉት በሽታዎች ብዙ ናቸው። ሽጌላና አሜባ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣሉ። ወንዝና መስኖ ውስጥ የሚዋኝ ልጅ ቢልሃርዚያ ሊይዘው ይችላል። የአንጀት ቲቢ ደግሞ ከክሮንስ ጋር ሐኪምን እንኳ ያሳስታል። የአይቢዲ መድኃኒቶች የመከላከል አቅምን ስለሚቀንሱ ቲቢ ያለበት ልጅ ሳይጣራ ቢጀምራቸው ቲቢው ሊባባስበት ይችላል። ስለዚህ አልተመረመረም ማለት የለም ማለት አይደለም፤ በግምት መታከምም መፍትሔ አይደለም።

እነዚህን ካያችሁ አትዘናጉ፦

– ከ4 ሳምንት በላይ የቆየ ወይም እየተመላለሰ የሚመጣ ተቅማጥ
– ደም ወይም ንፍጥ ደጋግሞ ሰገራ ላይ መታየት
– ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ቁርጠት ወይም ተቅማጥ
– ክብደት መቀነስ፣ ከእኩዮቹ በቁመት መቅረት፣ የጉርምስና መዘግየት
– የደም ማነስ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የማይድን የአፍ ቁስል
– ፊንጢጣ አካባቢ መሰንጠቅ ወይም መግል መውጣት

አንዳንድ ልጅ ተቅማጥ ሳይኖረው እድገቱ ብቻ ሊቆም እንደሚችል አስታውሱ። «ቀጭን ነው፣ አባቱን መስሎ ነው» ከማለታችሁ በፊት አስመዝኑት፣ ቁመቱንም አስለኩት።

ምን እናድርግ?

1. ሜትሮኒዳዞል (ፍላጅል) ከፋርማሲ እየገዛችሁ አትደጋግሙ። ሁለት ጊዜ ታክሞ ከተመለሰበት ሦስተኛው መፍትሔ ያው መድኃኒት ሳይሆን ምርመራ ነው።
2. የወሰዳቸውን መድኃኒቶች ስምና የቀድሞ ውጤቶቹን ይዛችሁ ኑ። ወንዝ ውስጥ ይዋኝ እንደሆነ፣ ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው እንዳለም ንገሩን።
3. የሰገራ (የቢልሃርዚያ እንቁላልን ጨምሮ)፣ የደምና የቲቢ ምርመራ ይደረግለት።
4. ምክንያቱ ካልተገኘ ሪፈር ጠይቁ። ከዚህ አካባቢ ብዙ ጊዜ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ካስፈለገም ወደ አዲስ አበባ ነው። መንገዱና ወጪው ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን የልጅ የማደጊያ ጊዜ ካለፈ አይመለስም።
5. ደም በብዛት ከወጣው፣ ሆዱ ከተነፋ፣ ከደከመ ወይም ሽንቱ ከቀነሰ ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ሰዓት አምጡት።

አይቢዲ ቢገኝበትስ? ተስፋ አትቁረጡ። ብግነቱን የሚያበርዱ መድኃኒቶች አሉ፤ በጊዜ የጀመረና ክትትሉን ያላቋረጠ ልጅ ያድጋል፣ ይማራል፣ ይጫወታል። ጸበል ለሚሄዱም ሆነ ዱዓ ለሚያስደርጉ ወላጆች የምለው አንድ ነው፦ እምነታችሁን ያዙ፣ መድኃኒቱን ግን አታቋርጡበት።

ተቅማጥ የማይለቀው ልጅ ያለው ጎረቤት ካላችሁ ይህን አጋሩት።